የታደሰ አውሮፕላን የመጀመሪያ ተሳፋሪ

ሃ ሃ ሃ! ቆይ፣ ቆይ፣ ሆዴን ልያዘው! አትሳቂ ሳሮን፣ ዋናው ገና ነው የሚመጣው፣ እሱ ላይ ስደርስ ማን እንደሚስቅ እናያለን። እናንተ ዛሬ ባሎቻችሁ ሬስቶራንት ካልወሰዷችሁ ታኮርፋላችሁ፣ አይደል? በእኛ ጊዜ፣ እኔና ታደሰ እዚህ ኖርዝላንድ ሰፈር ቤት የገዛን ሰሞን፣ ባሌ ምን አለኝ መሰለሽ? «አውሮፕላን ሠርቼ በሰማይ አንሸራሽርሻለሁ» አለኝ። የቀለደ መስሎኝ «እሺ፣ መጀመሪያ የወጥ ቤቱን ቧንቧ ሥራ» አልኩት። ታዲያ በሳምንቱ ትልልቅ ሳጥን በትራክ መጣና ጋራዡ ሞላ።

እና ሰባት ዓመት! ሰባት ዓመት መኪናዬ በረዶ ላይ አደረች፣ አውሮፕላኑ ጋራዥ። ኒው አልባኒ፣ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ አሥር ሰዓት ቆሜ ውዬ፣ እግሬ አብጦ ስገባ ታደሰ በሩ ላይ ይጠብቀኛል። «ጥሩዬ፣ አንድ ጊዜ ያዥልኝ!» ምኑን መሰለሽ? ሪቬት የሚሉት ራሱ ድቡልቡል የብረት ምስማር አለ፣ እሱን ታደሰ ከውጭ በማሽን ሲመታው እኔ ከውስጥ ብረት ደግፌ እይዛለሁ፣ ለአንድ ሰው አይሆንም፣ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ጠጠጠጠጠ! ጠጠጠጠጠ! ይኸው ግራ ጆሮዬ እስካሁን ይጮኻል። ሲሰለቸኝ «በቃኝ» ስለው፣ «ጥሩዬ፣ ሕጉ መጀመሪያ ብቻህን ብረር ይላል፣ እሱን ስጨርስ ከሰው ሁሉ ቀድመሽ የምትወጪው አንቺ ነሽ፣ በማርያም!» ይለኛል። በማርያም እያለኝ እንዴት አላምነው? ታዲያ የባሰብኝ ዕለት ለንስሐ አባታችን ኮል አደርጋለሁ። «አባ፣ ይህ ሰውዬ ከብረት ጋር ነው የተጋባው» ስላቸው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ታገሺ ልጄ፣ ታገሺ፣ ፍሬውን ታያለሽ» ይሉኛል። እኔም እታገሣለሁ፣ ምን አደርጋለሁ!

ታዲያ ባለፈው ሰመር አውሮፕላኗ በረረች። ከከተማ ወጣ ብሎ ካለች ትንሽ የአውሮፕላን ሜዳ ታደሰ ብቻውን ሲነሳ፣ ሲያርፍ ከረመና አንድ ቅዳሜ ጠዋት «ዛሬ ያንቺ ቀን ነው» አለኝ። አቤት ደስታ! የሐበሻ ቀሚሴን ለበስኩ፣ ፀጉሬን ተሠራሁ። ልጄ ቤቲ «ማሚ፣ ኢትስ ኖት ኤ ወዲንግ!» አለችኝ። «ዝም በይ፣ ለእኔ ሠርጌ ነው» አልኳት።

እና ገባሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ቀበቶውን ሳብ ባደርገው እምቢ! አይደርስም! ስሚኝ እንግዲህ፣ ያንን ቀበቶ ልኩን ያስተካከልነው በእኔ ወገብ ነው፣ እዚያው ጋራዥ ውስጥ፣ በዚህ በምታዪው ወገቤ!

«ታደሰ፣ ይህን ማን አጠበበው?»

«ኧረ ራሱ ይሆናል።»

«ራሱ? ቀበቶ ዳየት ያደርጋል?»

አላልቶ አሰረልኝና ሞተሩን አስነሳ።

ወጣን። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያምራል። ሚነርቫ ፓርክ ሰፈር ዛፍ ብቻ፣ ያቺ ሰፊ መንገድ ሞርስ ሮድ ክር ታክላለች፣ ያ ወገቤን የቆረጠው ዌርሃውስ የጫማ ካርቶን! እንደ ልጅ አጨበጨብኩ። ግን ቀበቶው ሆዴ ላይ አለ፣ አልተወኝም። ጆሮዬ ላይ ባደረገልኝ ማዳመጫ፣ በማይኩ፣ «ታደሰ፣ እዚህ መሸሻ የለህም። እዚህ ወንበር ላይ ማን ተቀመጠ?» አልኩት።

ደመናውን አየ። መሪውን አየ። «አባ ናቸው» አለ።

«የትኞቹ አባ?»

«የእኛው ናቸዋ! አውሮፕላኑን ሊባርኩልኝ መጡ፣ ጸበል ረጩ፣ ከዚያ እዚያው ቆሙ። ዓይናቸው እየጓጓ ቄስ ደህና ይዋሉ ይባላል? ምን ልበላቸው?»

«መቼ?»

«የዛሬ ሦስት ሳምንት።»

ሦስት ሳምንት! በዚያ ሦስት ሳምንት ውስጥ እኮ ሁለቴ ደውዬላቸው፣ ሁለቴም «ታገሺ ልጄ» ብለውኛል! ሳቅሁ፣ አዎ ሳቅሁ፣ ከዚያ አለቀስኩ፣ ማይኩ ክፍት ነው፣ ልቅሶዬ ጆሮው ውስጥ ነው የሚገባው። «አውርደኝ» አልኩት። «ገና እኮ ቤታችንን አላሳየሁሽም» ይለኛል! «ቤቴን ከታች አውቀዋለሁ፣ አውርደኝ!»

ወርደን እስከ ቤት አላናገርኩትም። ንዴቴ ግን በአባ ላይ ነበር፤ ታደሰማ ይሉኝታ ይዞት ነው፣ ቄስን እንዴት እምቢ ይላል አልኩ። ታያላችሁ፣ አሁንም ለእሱ ጠበቃ ነኝ! እና እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ደጅ ላይ ጠበቅኋቸው። «አባ፣ ይፍቱኝ» አልኩ፣ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉኝ። «አባ፣ እኔን ታገሺ ታገሺ እያሉ እርስዎ ቦታዬ ላይ ይቀመጣሉ?» አልኳቸው፣ ሰው እየሰማ። ደነገጡ። መስቀላቸውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወሩ። ቃላቸውን አንድም ሳልጨምር ልንገራችሁ፤ እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ እኔማ ‹ሚስትህ ትቅደም› ብዬው ነበር። ‹እሷ ፈሪ ናት አባ፣ ሺህ ጊዜ ለምኛት እምቢ ብላኛለች፣ ይግቡ› አለኝ።»