ስኮርታ አለ ወይ?

በእኛ ጊዜማ ሾፌር ማለት ሰው ነበር። ሳቂ ሳራ፣ ግድ የለም ሳቂ። የአሰብን መንገድ በከባድ መኪና አሥራ ስምንት ዓመት የተመላለስኩ ሰው ነኝ፣ ታዲያ ደርግ ወድቆ እዚህ ሮም ስመጣ "ፓተንቴህ እዚህ አይሠራም" አሉኝ፣ መንጃ ፈቃዴን ማለታቸው ነው፣ እናም ባዳንቴ ሆኜ ኤስኲሊኖ ሰፈር አንድ ሽማግሌ ሳስታምም ኖርኩ። ቫ ቤኔ፣ እንጀራ ነው። ሽማግሌው ጨዋ ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማር። እኔን ያንገበገበኝ ልጃቸው ማውሮ ነው። ማውሮ!

እና የሽማግሌው ልብ ደከመ፣ ሐኪሙም ብዙ እንደማይቆዩ ነገራቸው፣ ታዲያ "ሳልሞት ዝሆን በዱሩ ልይ" አሉ። ማውሮ ናሚቢያ ሊወስዳቸው ተነሣ፣ እኔም ተከተልኩ። ማን ያነሣቸዋል? ማን መድኃኒታቸውን ይሰጣል? እዚያ ደርሰን መኪና ተከራየ። ዝሆኖቹ እስካሉበት ፓርክ የሁለት ቀን መንገድ ነው፣ ኮረኮንች፣ አቧራ፣ ሰው የሚባል የለም። ታዲያ እኔ ልማዴ ነው፣ ከመነሣታችን በፊት "ማውሮ፣ ስኮርታ አለ?" አልኩት። ትርፍ ጎማ ማለቴ ነው! ጎማው፣ ክሪኩ፣ ስኮርታው፣ ይሄ ሁሉ ጋራዥ ውስጥ ከጣሊያኖቹ የወረስነው ስም አይደለም እንዴ?

"ምን ስኮርታ! ሚኒስትር ነን እንዴ?" አለና ሳቀብኝ። ለካ እነሱ ዘንድ ስኮርታ ብቻውን ሲባል መሣሪያ የያዘ አጃቢ ነው! እኔ በምን ልወቅ? "ኖ፣ ስኮርታ!" ብዬ በእጄ ክብ እየሠራሁ ባሳየው፣ ዙሪያችንን የሚከቡ ወታደሮች መሰሉት። ሆዱን ይዞ "ፓፓ፣ ባዳንቴህ ፈርቷል፣ ወታደር ይቀጠርልኝ ይላል!" አላቸው። እኔን! አሥራ ስምንት ዓመት... ተዉኝ እባካችሁ፣ አሁንም ደሜ ይፈላል።

አሎራ፣ በሁለተኛው ቀን ቀትር ላይ ጎማው ጧ! አለ። ማውሮ ኋላውን ቢከፍት ስኮርታ የለም። ለካስ ለሻንጣው ቦታ እንዲሆን ብሎ አከራዩ ግቢ ጥሎት መጥቷል! ስልክ አይሠራ፣ ሰው አያልፍ፣ ፀሐዩ እሳት፣ የሽማግሌው ከንፈር ጠቆረ። እና ማውሮ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ለምን አልነገርከኝም?" ሰማችሁ? አልነገርከኝም!

ታዲያ ሰውዬው እጄ ላይ ሊሞቱብኝ ነው፣ ምን ላድርግ? ጎማውን ከቸርኬው ፈልቅቄ፣ ከመንገድ ዳር ደረቅ ሣር እየነጨሁ እንደ ፍራሽ ጠቀጠቅኩበት። በረሃ ላይ እንዲህ ነበር የምናደርገው። ገጠምኩና "ቁልፉን አምጣ፣ ይሄ ጎማ ቀስ ብሎ የሚነዳ ይፈልጋል" ስለው፣ "ፓተንቴ የለህም!" አለኝ። እዚያ በረሃ ላይ! ትራፊኩ ማን ነው፣ ሰጎኗ?

ያኔ ሽማግሌው ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው "ጉይዳ ሉዪ" አሉ፣ እሱ ይንዳ። ነዳኋ! በእግረኛ ፍጥነት፣ አንዴ ሣሩን አንዴ እሳቸውን እየሰማሁ ፓርኩ በር አደረስኳቸው። ውሃ አጠጧቸው፣ ጥላ ሥር አስተኟቸው፣ ነፍስ ዘሩ። ዘበኛው መዝገብ ይዞ መጣና "እሳቸው አባት፣ ይሄ ልጅ፣ ይሄኛውስ ማነው?" አለ። ማውሮ "ባዳን..." ብሎ ሳይጨርስ ሽማግሌው እጄን ይዘው "ሚያ ስኮርታ" አሉት። የኔ ስኮርታ! በማግስቱ ዝሆኑን ሲያዩም እጄን አልለቀቁም።

ሳራ፦ ጋሼ፣ አጃቢዬ ማለታቸው ነው ወይስ ትርፍ ጎማዬ?

እኔስ መች ጠየቅኋቸው! እዚህ ተመልሰን ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። እና የቀብራቸው ዕለት ያ ማውሮ ምን አለኝ? "መኪናው ሞልቷል፣ ለአንተ ቦታ የለም።" ስድስት ዓመት ላጠብኩት ሰው! ታዲያ በትራም ሄድኩና ቀድሜያቸው ደርሼ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆምኩ። ሬሳውን ሊያወርዱ ሲሉ አንድ ሰው ጎደላቸው። ማውሮ ዞር ዞር ብሎ እኔን አየኝ። ገብቼ ተሸከምኩ። አሁን ሳቂ!