የጋሽ ካርታ አሥራ ሁለት እርምጃ

ጋሽ ካርታ በሕንፃው ጀርባ ካለው የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን ላይ ተቀምጠው ዲጂኖ ይዘው የሚመጡትን ቆፋሪዎች ይጠብቁ ነበር። እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ በቧንቧ ሥራ ሲኖሩ አንድም ቀን ወረቀት ላይ መስመር ሳያሰምሩ የሰፈሩን ቱቦ ሁሉ በጭንቅላታቸው ስለያዙ፣ ሰው ይህን ስም ለጠፈባቸው። እሳቸውም ወደዱት። ፕላን የጠየቃቸው ቢኖር ግንባራቸውን በጣታቸው መታ መታ አድርገው «እዚህ አለ» ይላሉ። ፕላኑ እዚያ እስካለ ድረስ የሚጠራው እሳቸው ብቻ እንደሆኑም አይዘነጉትም።

ሕንፃው ድሮ መጋዘን ነበር። ከሰባት ዓመት በፊት ተከፋፍሎ ከፊት ክሊኒክ፣ ከኋላ ዳቦ ቤት፣ ከላይ ቢሮዎች ሆነ። ሰሞኑን በክሊኒኩ መጸዳጃ ቤት ፍሳሹ ወደ ላይ እየገነፈለ ሐኪሞቹን አስመረረ። ጋሽ ካርታ ተጠርተው መጡና ከኋላው ግድግዳ ጀምረው አሥራ ሁለት እርምጃ ቆጥረው ቆሙ። ወለሉ ላይም በጠመኔ ምልክት አደረጉ። የቱቦው መታጠፊያ እዚህ ነው፣ የተደፈነውም እዚሁ ነው ብለው ፈረዱ። ምልክቱ ያረፈው ከዳቦ ቤቱ የጡብ ምድጃ ሥር ነበር።

ምድጃው ካልፈረሰ መቆፈር አይቻልም። ከፈረሰ ደግሞ ተገንብቶ፣ ደርቆ፣ ዳቦ እስኪያወጣ ሁለት ወር ይፈጃል፤ በሁለት ወር ውስጥ ደንበኛ ሌላ በር ይለምዳል። ዳቦ ጋጋሪዋ ይህን አሳምራ ታውቃለች። ሌሊቱን የጋገረችውን ሸጣ፣ ምድጃዋን እንደሚሸኙት እንግዳ እያየች አመዱን ትጠርግ ነበር።

ቆፋሪዎቹ ሳይመጡ አንዲት ወጣት ጎማ ያለው ሣጥን እየጎተተች መጣች።

«እንደምን አደሩ ጋሼ። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የተቀመጡበትን ክዳን ልከፍተው ነበር።»

ጋሽ ካርታ ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። እዚያ ክዳን ላይ ተቀምጠው ሳለ እሳቸውን ፈልጎ የሚመጣ ሰው ብዙ ነበር፤ ክዳኑን ራሱን ፈልጎ የመጣ ግን አይተው አያውቁም። ምን ልታደርግ እንደሆነ ጠየቋት። የጎረቤቱን አሮጌ ሕንፃ ገዝተው ቢሮ ሊያደርጉት ያሰቡ ሰዎች እንደላኳት፣ የሁለቱም ሕንፃ ፍሳሽ እዚህ ጉድጓድ እንደሚገናኝ፣ ከመግዛታቸው በፊት የቱቦውን ጤና በካሜራ አይታ እንደምትነግራቸው በትሕትና አስረዳች።

«ካሜራ?» አሉ ጋሽ ካርታ። «ልጄ፣ እዚያ ውስጥ ለፎቶ የሚያምር ነገር የለም።»

ወጣቷ ሳቀች እንጂ አልተቀየመችም። ክዳኑን እየከፈተች እሳቸውስ ለምን እንደመጡ ጠየቀች። ጋሽ ካርታም ሰሚ ሲያገኙ አያሳጥሩምና፣ ስለ መታጠፊያውም፣ ስለ አሥራ ሁለቱ እርምጃም፣ ስለሚፈርሰው ምድጃም ነገሯት። እሷ አንድ ነገር ጠየቀች፤ የዳቦ ቤቱ መታጠቢያ ውኃ ይወርዳል ወይ?

«ይወርዳል» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ ከበሩ ላይ። «አንድ ቀን እንኳ ቆሞብኝ አያውቅም። ለጋሼም ሁለት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ።»

ጋሽ ካርታ አልካዱም። ነግራቸዋለች፤ እሳቸው ግን ምድጃዋን ለማዳን የምትለው መስሏቸው በአንድ ጆሮ ሰምተው በሌላው አፍስሰውታል። ባለሙያ የሚሳሳተው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው፤ ከቧንቧው ጋር የሚኖረው ሰው የሚናገረውን ልመና ነው ብሎ ያልፈዋል።

«የእሷ ውኃ ከወረደ እኮ ጋሼ» አለች ወጣቷ፣ «የተደፈነው ከእሷ ወዲያ፣ ወደ ክሊኒኩ ነው። ከእሷ ወዲህ ቢሆን መጀመሪያ የሚገነፍለው በእሷ ቤት ነበር።»

«ይህን ቱቦ በእነዚህ እጆቼ ነው የቀበርኩት፤ አንቺ ያኔ አልተወለድሽም። ዛሬ አንዱ ካሜራ ሲል ሌላውም ካሜራ ይላል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አሉ።»

«እጅዎን አልጠራጠርም። እርስዎ የቀበሩት ግን የመጋዘን ቱቦ ነው። አሁን መጋዘን የለም። ክሊኒክ ሲገባ፣ ደረጃ ሲሠራ፣ ግድግዳ ሲፈርስ ማን ምን እንደነካ በምን እናውቃለን?»

«ይህች ጭንቅላት አትረሳም።»

«አትረሳም፤ ግን ያላየችውን አታስታውስም።» ወጣቷ እንደሚያነክሱ አስተውላ ነበር። «ጋሼ፣ እግርዎን ያከመው ሐኪም መጀመሪያ ራጅ አላነሣዎትም?»

«አንሥቶኛል።»

«ገና ሳያይ ልቅደደው ቢልዎ ይፈቅዱለት ነበር?»

 ጋሽ ካርታ ሲረቱ መቆጣት ልማዳቸው ነበር፤ ዳቦ ጋጋሪዋ በሩ ላይ ቆማ ስታያቸው ግን ቁጣው አልመጣ አላቸው። «ሰዎቹ እስኪመጡ አስገቢ እንግዲያ» አሉ፤ «እኔም ልሳቅ።»

ወጣቷ ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ ያለበትን ረጅም ገመድ ወደ ቱቦው ገፋችው። የሣጥኑ ስክሪን ላይ ክብ ጨለማ ታየ፣ ከዚያ የሲሚንቶ ቱቦ። ጋሽ ካርታ ሊስቁ ቀርበው ሳቃቸውን ረሱት። የቀበሩትን ቱቦ ውስጡን ሲያዩት የመጀመሪያቸው ነበርና ልባቸው ተነካ። «አሁን መጋጠሚያ ይመጣል» አሉ፤ መጣ። «ቀጥሎ ሁለተኛው» አሉ፤ እሱም መጣ። ወጣቷ አንዱም መጋጠሚያ እንዳልተላቀቀ ነገረቻቸው፤ ከልቧም አመሰገነቻቸው።

ምልክቱ ያለበት ርቀት ላይ ሲደርስ ግን ቱቦው ቀጥ ያለ፣ ንጹሕ ነበር። መታጠፊያ የሚባል የለም። ጋሽ ካርታ ስክሪኑ ላይ አፈጠጡ። ካሜራው ከዳቦ ቤቱ የሚገባውን ቱቦ አልፎ፣ ሌላ አራት እርምጃ ያህል ሄዶ መታጠፊያውን አገኘ። ከመታጠፊያው አለፍ ብሎም አንድ የብረት ምሰሶ ቱቦውን ከላይ እስከ ታች ሰንጥቆ ቆሟል፤ ጨርቅና ሞራ ተጠምጥሞበታል።

ካሜራው ከመሬት በላይ የሚሰማ ምልክት ይልካል። ወጣቷ መቀበያውን ለጋሽ ካርታ ሰጠቻቸው። ምድጃው ሥር ይዘውት ቢቆሙ ድምፅ የለም። እያነከሱ ወደ ኮሪደሩ ወጡ፤ ወደ ቢሮዎቹ የሚያወጣው ደረጃ ሥር ሲደርሱ መሣሪያው ጮኸ። የደረጃው ምሰሶ ከአጠገባቸው ነበር።

ወደ ዳቦ ቤቱ ተመልሰው የኋላውን ግድግዳ በመዳፋቸው ዳሰሱት። «ይህ ግድግዳ ድሮም እዚሁ ነበር?» ብለው ጠየቁ።

ዳቦ ጋጋሪዋ ምድጃዋን አየች። «መጋዘኑ ሲከፋፈል አራት እርምጃ ወደ ውጭ ገፉት። ለምድጃዬ ቦታ ብለው።»

ያን ጊዜ ጋሽ ካርታ እግራቸው ተሰብሮ ዓመቱን አልጋ ላይ ነበሩ። ማንም አልነገራቸውም፣ እሳቸውም አልጠየቁም። ምድጃው ሥር ያለውን ጠመኔ በጫማቸው አበሱት። ቆፋሪዎቹ ሲመጡ ወደ ደረጃው ሥር መሯቸው። ምሰሶው በሌላ ተደግፎ፣ ጉድጓዱ አንድ ሰው ተንበርክኮ የሚሠራበት ያህል ብቻ ተቆፈረ፤ የተሰነጠቀው ቱቦም ተለወጠ። በማግስቱ ክሊኒኩ በሰላም ዋለ። ዳቦ ጋጋሪዋም ምድጃዋን እንደ ልማዷ አነደደች።

ያን ቀን ግን፣ ቆፋሪዎቹ ገና ሲቆፍሩ ወጣቷ ዕቃዋን ስትሰበስብ፣ ጋሽ ካርታ አጠገቧ ቁጭ አሉ። እውነቱ ግን ፈርተው ነበር። «እንግዲህ እኔን ማን ይጠራኛል?» አሉ፣ ቀስ ብለው።

«እኔ እጠራዎታለሁ» አለች። «ካሜራው የተደፈነውን ያያል፤ ለምን እንደዚያ እንደተቀበረ ግን አይናገርም። እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ ልሣል።»

የዚያን ዕለት እሳቸው ሲናገሩ፣ እሷ ካሜራው ካየው ጋር እያስተያየች ስትሥል ዋሉ። ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ ሕንፃ የሚገዛ ሳይገዛ፣ መኖሪያውን ሱቅ የሚያደርግም ግድግዳ ሳይነካ ቱቦውን በካሜራ አሳይቶ ፕላኑን በወረቀት ያስቀምጣል። ወለል በግምት አይፈርስም፣ ሠርቶ አዳሪም ያለ ጥፋቱ በሩን አይዘጋም። ባለሙያው ቢታመም ወይም ቢሞት እንኳ ዕውቀቱ ከእሱ ጋር አይቀበርም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ከመሬት በታች ላለውም ይሠራል።

የዚያ ሕንፃ ፕላን ዛሬም በዳቦ ቤቱ በር ውስጥ በመስተዋት ተሰቅሏል። ወጣቷ ሥላ ስትጨርስ ጋሽ ካርታ፣ አንድ ነገር ቀርቷል ብለው እስክሪብቶውን ተቀበሏት። ወረቀት ላይ ጽፈው ስለማያውቁ ፊደሉ ተንጋዷል፤ ግን ይነበባል።

«ከግድግዳው አትቁጠሩ። እኔ ቆጥሬ የሰው ምድጃ ላፈርስ ነበር።»