የወይዘሮ ወሰንየለሽ ዘይት

ዝናቡ ባባራ ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ ከጂንካ ገበያ ስመለስ አናጢውን አቶ ገብረ ማርያምን ከደጃቸው ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ወሰንየለሽ ካረፉ ዓመት አልሞላቸውም፤ ልጅም አልወለዱም። ሰላምታ ስሰጣቸው ክንዳቸውን ለመሸሸግ ሞከሩ። ቆዳው ቀልቶ ውሃ ቋጥሯል፤ አንዳንዱም ፈንድቷል።

መድኃኒት ቤት የምትሠራው ጎረቤታችን አቢጊያ በዚያው ስታልፍ ጠራኋት።

«አባባ፣ ምን ነካዎት?» አለች ጎንበስ ብላ።

«ምንም አይደል፣ ልጄ። ዘይቱ በሽታውን እየሳበው ነው።»

ዘይቱን ከቤት አመጡት። ሟቿ ጤና አዳም በኑግ ዘይት ዘፍዝፈው ያኖሩት ነው፤ አቶ ገብረ ማርያም መጋዝ ሲስብ የኖረ ትከሻና ክንዳቸውን ይታሹበታል። አቢጊያ ክዳኑን ስትከፍተው ሻጋታ ሸተተን።

«ከእንግዲህ ይህን አይቀቡት።»

«ዕድሜዬን ሙሉ የተቀባሁትን?» ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «የእናንተ መድኃኒት ቤት ሳይከፈት በፊት እሷ በዚህ ነው ያቆመችኝ። ዛሬ አፈር ስትለብስ መርዝ ሆነ?»

አቢጊያ ክዳኑን መልሳ ገጠመችው። «እሳቸው መቼ ነበር የሚያሹዎት?»

«ማታ ነዋ። አሽታኝ ጋቢ ታለብሰኛለች።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ማን አለ? ጠዋት ስነሳ ክንዴ አልታዘዝ ስለሚለኝ ያኔ እቀባለሁ። ከዚያ ጓሮዬን ልኮተኩት እወጣለሁ።»

«እጅጌዎን ሰብስበው፣ ፀሐይ ላይ?»

«ታዲያስ።»

«ያቃጠለዎት እሱ ነው። ጤና አዳም የነካው ቆዳ ፀሐይ ካገኘው ይቃጠላል፤ ውሃ የሚቋጥረው ግን ቆይቶ ስለሆነ ሰው አይጠረጥረውም። እሳቸው ማታ ቀብተው ሲሸፍኑዎት ከፀሐይ ጠብቀዎታል።»

ሽማግሌው ዘይቱን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት። «ጋቢውን የምታለብሰኝ ብርድ እንዳይመታኝ ይመስለኝ ነበር» አሉ። ቀጥለውም፣ «መጣሉ ይከብደኛል። በእጇ ከሠራችው የቀረኝ እሱ ነው።»

«አይጣሉት፣ ያስቀምጡት። ብቻ ቆዳዎ ላይ አያድርጉት። እርጥብ ቅጠል የገባበት ዘይት ሲቆይ ይበላሻል። በቆሰለ ገላ ላይ ደግሞ ምንም ዘይት አይቀባም።»

ያን ጊዜ ልብ ያልኩት ነገር አለ። ልጅቷ የሟቿን ስም አንቋሽሻ ቢሆን ኖሮ ሽማግሌው ቁስላቸውን ይዘው ቤታቸውን በዘጉ ነበር።

በማግሥቱ ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። ቁስሉ ሲድን አቢጊያ አዲስ ዘይት አሠራቻቸው። የጥብስ ቅጠል ጥላ ውስጥ ደህና አድርገው አድርቀው፣ በደረቅ ጠርሙስ፣ በሰሊጥ ዘይት ጥቂት ብቻ ዘፈዘፉ፤ ሰነባብተው አጥልለው ከብርሃን አርቀው አኖሩት። መጀመሪያ ጠብታ ክንዳቸው ላይ አድርገው አንድ ቀን እንዲጠብቁ፣ ካሳከካቸው እንዲተዉት፣ ሽታው ከተለወጠም እንዲደፉት ነገረቻቸው።

«ዘይቱ የደረቀ ቆዳ ያለሰልሳል» አለቻቸው። «የደከመ ጡንቻን የሚያፍታታው ግን ይበልጡን መታሸቱ ነው። ካበጠ ወይም ከደነዘዘዎት ሐኪም ይየው።»

ዛሬ የአቶ ገብረ ማርያም ቆዳ ድኗል፤ ክንዳቸውም ይታዘዛቸዋል። የሚቀቡት ማታ ነው። ጤና አዳም ተቀብቶ ፀሐይ ላይ የሚወጣ ሰው ካዩም ጠርተው ይመክራሉ። በቀደም ማታ ጎራ ብዬ «ትከሻዎስ?» አልኳቸው።

«እጄ እስከሚደርስበት ድረስ ደህና ነው» አሉና ጠርሙሱን ከደኑ።