በሁዳዴ የተመረጠ ስፒከር

አዳማ፣ የሙዚቃ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ውስጥ፣ በሁዳዴ ጾም መካከል፤ ባንድ የሚያጫውት ሆቴል ያላቸው እትዬ ትርንጎና የሆቴሉ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ይድነቃቸው ሁለት ስፒከሮች ፊት ቆመው ይከራከራሉ።

ትርንጎ፦ ነጯ ትሁን አልኩህ። ከሶፋው ጋር ትሄዳለች።

ይድነቃቸው፦ እትዬ፣ የምንገዛው እኮ ለቤዝ ጊታር የሚሆን ስፒከር ነው። ሶፋው ምን አገባው?

ትርንጎ፦ ያገባዋል፤ እንግዳ የሚቀመጠው እሱ ላይ ነው። መብራቷንስ አይተሃል? ቀይ ትላለች፣ አረንጓዴ ትላለች። ያንተ ጥቁሩ ሳጥን ግን የሬሳ ነው የሚመስለው። አጠገቡ ስቆም ማንን እንደቀበርን ልጠይቅ ምንም አልቀረኝ።

ይድነቃቸው፦ ነጯ የልደት ናት። ሻማ እስኪጠፋ ታደምቃለች፣ በቃ። ቤዝ ሲገባባት መንቀጥቀጥ ትጀምራለች። ጥቁሩ ግን ሆደ ሰፊ ነው፤ ወፍራም ድምፅ መቀመጫ ይፈልጋል።

ትርንጎ፦ የኔስ ሆድ? አንድ ሳጥን የሁለት ጠረጴዛ ቦታ ሲበላብኝ ችሎ ይቀመጣል?

ይድነቃቸው፦ ምረጥልኝ ብለው እኮ ነው ይዘውኝ የመጡት።

ትርንጎ፦ ምረጥ አልኩህ እንጂ ወስን አልኩህ?

ይድነቃቸው፦ እሺ፣ ይወስኑ። ብቻ እኔን ሳይሰሙ ስለ ኪሩቤል እንዳይወስኑ።

ትርንጎ፦ አሁን ኪሩቤልን ምን አመጣው?

ይድነቃቸው፦ ለፋሲካ በኔ ቦታ እንደሚገባ ከበሮ መቺው ነገረኝ። ዘበኛውም ነገረኝ። ሽንኩርት የምትልጠዋ ሳትቀር እግዜር ያጽናህ ብላኛለች።

ትርንጎ፦ ገና አልወሰንኩም። የእህቴ ልጅ ነው፤ እናቱ እግሬ ላይ ወድቃ ለመነችኝ፣ ምን ልበላት? ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ነው ነገሩ። ሁለት ቤዝ ደግሞ አላቆምም፤ አንዱንም የሰማው የለ።

ይድነቃቸው፦ ልጁንስ ሰምተውታል?

ትርንጎ፦ ቤቴ መጥቶ ተጫውቶልኛል። ስፒከር ስላልነበረ ድምፁን እንኳ አልሰማሁትም፤ ጣቱ ሲሮጥ ግን አይቻለሁ። በስልክ ነው አሉ የተማረው። ጊታሩ ቀይ ነው፣ ሲይዘው ያምርበታል። ጥቁር መነጽርም ያደርጋል።

ይድነቃቸው፦ ያንን ጨለማ አዳራሽ ውስጥ በጥቁር መነጽር?

ትርንጎ፦ ነጯን ከነመብራቷ የወደድኳት ለምን መሰለህ?

ይድነቃቸው፦ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል አሉ። እንግዲህ ልለምንዎት። እኔ እስከ ዛሬ ከዘፋኟ ስፒከር ጋር ተዳብዬ ነው የኖርኩት። ማይኩ ባፏጨ ቁጥር ድምፅ ተቆጣጣሪው የሚቀንሰው እኔን ነው። ጥፋቱ የሳጥኑ ነው እትዬ።

ትርንጎ፦ እኔ ምን አውቄ። አንድ ደንበኛ ያ ጥጉ ጋ የሚቆመው ረጅሙ ልጅ ጥበቃ ነው ወይ ብሎ ጠይቆኛል።

ይድነቃቸው፦ አውቀዋለሁ። መኪናዬን እያት ብሎኝ ሄዷል።

ትርንጎ፦ ዘፋኟም ያለችኝ አለ። በዚያ ከጾሙ በፊት አዳራሻችን በተደረገው ሠርግ ላይ የጊታርህ ገመድ ተነቅሎ፣ እስከ ኬክ ቆረሳው ድረስ በባዶ ስትነካካ አመሸህ አሉ። ማን አወቀ?

ይድነቃቸው፦ የነቀለችው ራሷ ናት፣ በታኮዋ ጠልፋ። ደግሞ ሰው አውቋል። ያን ማታ ለጭፈራ የተነሣ ነበር?

ትርንጎ፦ እሱስ አልነበረም። ሚዜዎቹ ሳይቀሩ ተጎልተው ስልክ ሲነካኩ አመሹ። እኔማ ክትፎው ቢከብዳቸው ነው ብዬ ወጥ ቤቷን አስለቀስኳት።

ይድነቃቸው፦ ምስኪን። ያለቀሰችው በኔ ገመድ ነው።

ትርንጎ፦ ታዲያ ያኔውኑ አትነግረኝም ነበር?

ይድነቃቸው፦ ድምፁ የማይወጣ ሰው አልተሰማሁም ብሎ ቢጮህ ማን ይሰማዋል? ሁዳዴ ለእርስዎ አንድ ጾም ነው፣ ለኔ ሁለት፤ የሥጋም የሥራም። አማቴ ምን ላይ ነህ ባለችኝ ቁጥር ጊታር እየወለወልኩ ነው እላታለሁ። ፋሲካ ሲመጣም ልወልውል?

ትርንጎ፦ አንጀቴን አትብላው። የወጥ ቤቷ ይበቃኛል።

ይድነቃቸው፦ እንግዲያው ይስሙኝ። ባለሱቁ ጊታር ያውሰኛል። በሁለቱም ልሞክርልዎት፣ ከዚያ ያሻዎትን ይበሉ።

ትርንጎ፦ በሁዳዴ? እኔ ትርንጎ እዚህ ተገትሬ ዘፈን ልሰማ? አዳራሹን እስከ ፋሲካ የዘጋሁት ታዲያ ምን ሆኜ ነው?

ይድነቃቸው፦ ሳይሰሙ ስፒከር መግዛት እኮ ወጥ ሳይቀምሱ ጨው እንደ መጨመር ነው።

ትርንጎ፦ የፋሲካን ዶሮ የምትሠራ ሴት መቼ ቀምሳ ታውቃለች? ጾም ላይ ሆና፣ በዓይኗና በአፍንጫዋ ነው ጨውን የምትመጥነው። ታዲያ የፋሲካ ዶሮ ጨው አንሶት በልተህ ታውቃለህ?

ይድነቃቸው፦ ኧረ አንሶት አያውቅም። ግን ዘፈን አይደለም የምልዎት፤ ቃል የለውም።

ትርንጎ፦ ዜማስ?

ይድነቃቸው፦ ዜማም የለው። አንዲት ክር፣ ዱም። አለቀ።

ትርንጎ፦ አንዲት ክር ብቻ። ሁለተኛዋን ስትነካ ጥዬህ ነው የምወጣው።

ይድነቃቸው፦ እሺ። መጀመሪያ በነጯ። ሰሟት?

ትርንጎ፦ ጉሮሮዋን ጠረገች። ንግግሯን መቼ ነው የምትጀምረው?

ይድነቃቸው፦ ያው ነው፣ ጨርሳለች።

ትርንጎ፦ መብራቷ ግን በርቷል።

ይድነቃቸው፦ አሁን በጥቁሩ። እጅዎን እላዩ ላይ ያሳርፉ። ይኸው።

ትርንጎ፦ በስመ አብ።

ይድነቃቸው፦ ምነው?

ትርንጎ፦ ሆዴ ውስጥ ገባ እኮ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምጾም ባዶ ሆኖ ይሆናል።

ይድነቃቸው፦ የጠገበም ሆድ ውስጥ ይገባል።

ትርንጎ፦ እስቲ ሁለተኛዋን ክር ንካት።

ይድነቃቸው፦ ሁዳዴ ነው እትዬ።

ትርንጎ፦ ንስሐ የምገባው እኔ ነኝ፣ አንተ ንካ። ሦስተኛዋንም። አዎ፣ እንደሱ እያረግክ።

ይድነቃቸው፦ እትዬ፣ እግርዎ።

ትርንጎ፦ እግሬን ተወው። ጾሙን የያዝኩት በአፌ ነው።

ይድነቃቸው፦ ላቁም?

ትርንጎ፦ ማን አቁም አለህ? ለካ ያን ማታ የጎደለው ይሄ ኖሯል። እዚያ ጥግ ቆመህ ስትጫወት የኖርከው ይሄን ነው?

ይድነቃቸው፦ ይሄንኑ ነው።

ትርንጎ፦ አዬ ሞኝነቴ። እጅህ ይባረክ ይድኔ፣ ጎበዝ ነህ። እንዲህ ያለ ሰው ቤቴ ውስጥ እንዳለ አላወቅኩም።

ይድነቃቸው፦ ኧረ እኔ ምን ሠራሁና።

ትርንጎ፦ እንዴት ምን ሠራሁ ትላለህ? ከጥፍሬ እስከ ራሴ ነው የነዘርከኝ።

ይድነቃቸው፦ ኧረ ይተዉ እትዬ፣ እኔ ምን ችሎታ አለኝ፣ ሳጥኑ ነው እንጂ።

ትርንጎ፦ ሳጥኑ ነው?

ይድነቃቸው፦ ማለቴ፣ ሰው ሲመሰገን እንዲያው ለወጉ...

ትርንጎ፦ የለም የለም፣ እውነትህን ነው። ከገባን ጀምሮ ስትነግረኝ እኔ ነኝ ያልሰማሁህ። ጥቁሩን እወስዳለሁ፤ ሶፋውን ጨርቅ አለብሰዋለሁ። አንተም እግዜር ይስጥህ፣ እህቴን ምን ልበላት እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ሥራውን የሚሠራው ሳጥኑ ከሆነማ ኪሩቤልም አያቅተው። በል፣ በዚያኛው ጫፍ ያዝልኝና መኪናው ላይ እንጫነው።