አበባዋ ያልታየላት ተክል

የመጨረሻዋ ሥር ከተነቀለች በኋላ፣ ደረቱ የታፈነ ሕፃን ታቅፋ የምትመጣን እናት ምን ብለን እንመልሳታለን? ይህን ጥያቄ ይዤው ተኝቼ ይዤው እነሣ ነበር፤ መልስ ግን አላገኘሁለትም። ቤተሰቡ «ስጋት የማያልቅብሽ» ይለኛል፤ ዝናብ ሲመጣ ጎርፉን፣ ሲቀር ድርቁን እፈራለሁ። የዚህኛው ስጋት ግን ምክንያት ነበረው።

ታላቅ ወንድሜ፣ ወንድም ጋሼ፣ መድኃኒት ቆፋሪ ናቸው። «የደረት ሥር» የምንላትን ተክል ከኮረብታው እየማሱ ሳል ለያዘው ሁሉ ይሰጣሉ። የልጅ ልጄ ጨቅላ ሳለች ትንፋሽ ያጠራት ጊዜ በዚያች ሥር ነው የተረፈችው፤ እኔ እንዲህ አምናለሁ፣ ለዚህም ሳላመሰግን የዋልኩበት ቀን የለም። እሷ አሁን ተምራ የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ ሆናለች። ተክሏ ደግሞ ከኮረብታው ጠፍታ በእኔ ጓሮ፣ ከአጥሩ ጥግ አንዲት ብቻ ቀረች።

አንድ ጠዋት ሁለቱ ሳይቀጣጠሩ እዚያው ጓሮ ተገናኙ። እሳቸው ዶማ ይዘዋል፤ እሷ የውሃ ባልዲ።

«አባባ፣ በዶማው ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ጥርሴን አልፍቅበት መቼም። የልብስ ሰፊው ልጅ ሳል ጠንቶበታል፤ ሥሯን ላወጣለት ነው።»

«የቀረችው እኮ እሷ ብቻ ናት።»

«ሌላ ትበቅላለች፣ ልጄ።»

«ከምን ትበቅላለች?»

«ከመሬት ነዋ። የተማረ ሰው እንዲህ ይጠይቃል?»

እንዳይቀያየሙ ፈርቼ ወደ ቤት አስገባኋቸው። ወንበር ሳብኩ፣ ውሃ ቀዳሁ። ክርክሩ ግን አብሯቸው ገባ።

«ሥሯን የሚያወጡት መቼ ነው፣ አባባ?»

«ሳታብብ። አባታችን ያስተማሩኝ እንዲህ ነው። ካበበች ጉልበቷ ወደ ላይ ይወጣና ሥሯ ገለባ ይሆናል።»

«አበባዋ ታዲያ ምን ይመስላል?»

ወንድም ጋሼ ብርጭቆውን አነሡና ሳይጠጡ መልሰው አስቀመጡት። እኔም አፈርኩላቸው። ዕድሜ ልካቸውን የማሷትን ተክል አበባዋን አይተው አያውቁም ነበር።

«አላየሁም» አሉ።

«እኔም አላየሁም። ሳታብብ የተነቀለች ተክል ዘር የላትም፤ ዘር የሌላት ደግሞ ልጅ የላትም። ኮረብታው የተራቆተው በዚህ ነው።»

«እንግዲህ ላም አለኝ በሰማይ እያልኩ ልቀመጥ? ዘር ስንጠብቅ የሰው ልጅ ይታፈን?»

እዚህ ላይ ልቤ ወደ እሳቸው አጋደለ። የሚያቃስት ሕፃን ታቅፎ ያደረ ሰው ይህን ቃል ያውቀዋል። የልጅ ልጄም ነገሩን አላቃለለችም።

«አይታፈን፣ አባባ። ልጁን አሁኑኑ ጤና ጣቢያ እወስደዋለሁ። የእርስዎንም መድኃኒት አልከለከልኩም፤ ከጎን ያለችውን ቀጭን ሥር በእጃችን ፈልፍለን ትንሽ እንቁረጥ፣ አፈሩን መልሰን እንድፈነው። ዋናው ሥር ግን ይቆይና ታብብ።»

«በእጅ? ዶማዬን ከእጅ አይሻል ዶማ አደረግሽው በይኛ።»

ራሳቸው ሳቁ። ሳቃቸውን ስሰማ የስጋቴ ግማሽ ለቀቀኝ።

«ቀጭኗ ሥር ትሠራለች ያለሽ ማነው?»

«ማንም። እርስዎ ይቅመሷትና ይፍረዱ።»

ወደ ጓሮው ተመልሰው ሁለቱም ተንበርክከው አፈሩን ፈለፈሉ። ወንድም ጋሼ ሥሯን አኘኳትና ፊታቸውን አጨማደዱ። «ትመራለች» አሉ፤ ከአፋቸው ሲወጣ ምርቃት ይመስል ነበር። የልብስ ሰፊው ልጅ ዳነ። ያዳነው ጤና ጣቢያው ይሁን ሥሯ ብዬ አልመረመርኩም፤ ሁለቱንም አመሰገንኩ።

ከዚያ ወዲያ ሥራዬ ጥበቃ ሆነ። ከዶሮ፣ ከፍየል፣ ከበረዶ፣ ከሰፈር ልጆች ኳስ ስከላከላት ከረምኩ። በመጨረሻም አበበች። አበባዋ ነጣ ያለ ሐምራዊ፣ ከአዝራር የማይበልጥ ነው። ድሮ በልጅነታችን የምናያቸው፣ አልቀዋል ያልናቸው ትናንሽ ጥቁር ንቦችም ከየት እንደሰሙ እንጃ፣ መጥተው ከበቧት። ተክሏ ስትጠፋ እነሱም ምግባቸውን አጥተው ሸሽተው ኖሯል። አንዱን ስናጠፋ ሌላውን እንደምናስርብ ያኔ ገባኝ፤ አንዱን ስናተርፍም እንዲሁ።

ዘሩ ሲደርቅ ወንድም ጋሼን አስጠራናቸው። የልጅ ልጄ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ዘርግታ አራገፈችው።

«እኩሌታው ችግኝ ጣቢያ ተዘርቶ ይፈላል» አለቻቸው፤ «እኩሌታው የእርስዎ ነው። ኮረብታው ሲሞላ እርስዎም በሽተኛ አይመልሱም፣ ንቦቹም ይመለሳሉ፣ ከእርስዎ በኋላ የሚመጣው መድኃኒተኛም የሚምሰው አያጣም።»

ወንድም ጋሼ ዘሩን በጣታቸው ነካኩት።

«አባታችን ተሳስተው ነበር ማለት ነው?»

ይህችን ጥያቄ ነበር የፈራሁት።

«አልተሳሳቱም፣ አባባ። በእሳቸው ዘመን ኮረብታው ሙሉ ነበር፤ እሳቸው ያልደረሱባት አብባ ዘሯን ትጥል ነበር። አሁን ነው የምትተርፍ ያጣነው።»

ወንድም ጋሼ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። የድርሻቸውን ዘር በመዳፋቸው ሰብስበው በመሐረብ ቋጠሩት፤ ቋጠሮውንም በደረት ኪሳቸው አስገቡ። መሬቱ ያዳልጣል፣ ነገ ይደርሳል ልላቸው አፌን ከፈትኩ፤ ፊታቸውን ሳይ ግን ተውኩት። የልጅ ልጄን ግንባሯን ሳሟት፣ በሩን ከፈቱና ወደ ኮረብታው ወጡ።