የእሑዱ እንባ

አንዳንዱን ቃል ትውስታዬ አዛብቶት ይሆናል፤ ነገሩ የሆነው ግን ወደ ኢስትሊ ሰፈር በሚመለስ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ በተቀመጡ አንዲት ወጣትና አንዲት ጠና ያሉ ሐበሻ ሴት መካከል ነው።

«እትዬ፣ እሑድ ጸሎት ላይ ያለቀስኩት እኮ መንፈስ ነክቶኝ አይደለም።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው? እጅ ጭነን ስንጸልይልሽ!»

«መነጽሬን ትቼ ዓይን ውስጥ የሚገባውን ሌንስ ጀምሬ ነበር። ቆረቆረኝና እንባዬ አልቆም አለ። እናንተ ደግሞ ‹ጌታ ሆይ ጨምርላት!› ትላላችሁ።»

«ወይ ጉዴ! ጨምርላት ያልኩት እኔው ነኝ።»

«ጨመረልኛ! ዓይኔን ሳሸው አንዱ ሌንስ ጠፋ። ወደ ጭንቅላቴ ገባ ብዬ ሁለት ቀን እንቅልፍ አጣሁ።»

«ፖሌ፣ አይዞሽ ልጄ! ምነው ያኔውኑ ብትነግሪን?»

«ሁሉም ሃሌሉያ ሲል፣ ሌንስ ነው ልበል?»

«ታዲያ ተገኘ?»

«አሁን የሄድኩበት የዓይን ሐኪም የላይኛውን የዓይኔን ቆብ ገልብጦ አወጣልኝ። ዓይን ከኋላ ዝግ ነው፣ ወደ ጭንቅላት መግቢያ የለውም አለኝ።»

«ተመስገን! በይ፣ እሑድ ወጥተሽ መስክሪ።»

«ስለ ሌንሱ?»

«ስለ መገኘቱ ነዋ! ግን መነጽርሽን አድርገሽ ነይ፤ ደግሞ እንዳንጨምርልሽ።»

እኔም የራሴን መነጽር አውልቄ ወለወልኩ፤ ከዓመታት በኋላ የጠየቅኩት ሌላ የዓይን ሐኪምም ሌንስ ወደ ዓይን ጀርባ ፈጽሞ ማለፍ እንደማይችል አረጋገጠልኝ።