ሲባጎ የታሰረበት መጥረጊያ

ኮልፌን እንዳለፍን ዝናቡ ወረደ፤ የጣሊያኑ አሮጌ ካሚዮን የመስታወት መጥረጊያም ቀጥ አለ። ረዳቱ እኔ ወርጄ ባየው መጥረጊያውን በአየር የሚያንቀሳቅሰው ቱቦ ተሰንጥቋል። በጨርቅ ብጠቀልለው እምቢ አለ። መጥረጊያው ላይ ሲባጎ አሰርኩና አንዱን ጫፍ መሪ ለያዘው ለጣሊያኑ ሰጥቼ ሌላውን በእኔ መስኮት አስገባሁት። እሱ ሲስብ ይሄዳል፣ እኔ ስስብ ይመለሳል።

ቀራንዮ አቀበት ላይ በጎን መስኮቴ ጠመንጃ ያነገተ ባለ ጎፈሬ ሰው መንገዱን ሊያቋርጥ ሲል አየሁ። አርበኛ! መስታወቱን ከጠረግኩለት ጣሊያኑ ያየዋል። ሲባጎውን መሳብ ተውኩ።

“ሳብ እንጂ!”

“አልሳብ አለኝ ሲኞር።”

ፍሬን ያዘና ሽጉጡን ጎኔ ላይ ደገነ። “ሳብ!”

መድኃኔዓለምን እየተማጸንኩ ሳብኩት። መንገዱ ባዶ ነበር።

“ብራቮ!” አለኝ፣ ያበጀሁት መስሎት። ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ ሰምቶ፣ “በረደህ እንዴ?” አለኝ።

“አዎ ሲኞር፣ ዝናቡ ነው።”